አብሾ ይመርመር፣ ለአባባ ግን አትስጧቸው

ሰላም ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ጎጃም ኖሮ አብሾ ስለሚባለው ከዕፅ ስለሚቀመም መጠጥ ያልሰማ የለም መቼም፣ የቅኔ ተማሪው ዋሸራም ይሁን ዲማ ጊዮርጊስ ቀለም እንዲገባውና እንዳይጠፋበት ይጠጣዋል ይባላል፣ መጠጥ ሲቀምስ የሚለይበትን ሰውም አብሾ አለበት እንላለን። አሁን አሁን ግን ለጃጁ አዛውንቶችም ይሁን የሚል ወሬ እሰማለሁ፣ ለተማሪው አእምሮ ከከፈተ ለአባባ ምን ይላቸዋል በሚል ሒሳብ፣ እሱ ነው ያስጨነቀኝ።

ቅመማው እንደየመርጌታው ይለያያል ሚስጥርም ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው አስተናግር ነው፣ ያው በየአጥሩ ስር የሚበቅለው ፍሬው እሾሃም የሆነው። አስተናግር ውስጥ ስኮፖላሚንና አትሮፒን የሚባሉ ኬሚካሎች አሉ። ጉዱ እዚህ ጋ ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥ የመርሳት መድኃኒት ሲሞከር አይጧን መጀመሪያ እንድትረሳ የሚያደርጓት በዚሁ በስኮፖላሚን ነው! አሴቲልኮሊን የሚባለውን ለማስታወስ የሚያስፈልግ የአንጎል ኬሚካል ሥራውን ያግደዋል፣ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ የያዘው ሰው ደግሞ ድሮም ያነሰው እሱ ነው፣ እነ ዶኔፔዚል የሚባሉት የበሽታው መድኃኒቶች የሚረዱት ቶሎ እንዳይፈርስ በማድረግ ነው። እንግዲህ ለእማማ አስተናግር መስጠት ከጎደለው ላይ መቀነስ ነው፣ ያስቃዣቸዋል፣ ሽንት ይይዝባቸዋል፣ ልባቸውን ያስሮጣል፣ ሲበዛ ይገድላል።

እንዲህ ስላልኩ የሀገር መድኃኒት ጠላት አታድርጉኝ። ጋላንታሚን የሚባለው የአልዛይመር መድኃኒት መጀመሪያ የተገኘው ከአበባ ነው፣ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2001 ፈቅደውታል። የኛው ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ሞቶ አይተው ነው ለበሽታው መከላከያ ያሰቡት። ለማስታወስ ይረዳል የሚባለው ጂንኮ የተባለው የዛፍ ቅጠል ግን ያ ሁሉ ስም እያለው 75 ዓመት ባለፋቸው 3069 ሰዎች ላይ ለዓመታት ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ ሲወጣ የመርሳት በሽታን በመከላከል ከባዶው ክኒን አልተሻለም።

ስለዚህ አብሾም ይፈተን። የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ከመርጌቶቹ ጋር ተቀምጠው የትኛው ተክል፣ ቅጠሉ ነው ፍሬው፣ ስንት ተብሎ ይለይ፣ መርዝነቱ ቀድሞ ይታይ፣ ከዛ በኋላ ነው ሰው ላይ ማሰብ፣ እሱም ፈቃደኛ ጎልማሳ ላይ፣ ማን መድኃኒቱን ማን ባዶውን እንደወሰደ ሰጪውም ተቀባዩም ሳያውቅ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ተማሪውን አስታዋሽ የሚያደርገው ሌሊቱን ሙሉ ግስ ማውረዱ ይመስለኛል፣ ግን የኔ ግምት ምን ዋጋ አለው፣ እሱን የሚለየው ሙከራው ነው። መርጌቶቹ እውቀታችንን ይዘርፉናል ብለው ቢፈሩ አይፈረድባቸውም፣ ለዛም የማህበረሰብ እውቀትን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፣ ውሉ በሱ መሰረት ይጻፍላቸው።

እስከዛው ወላጅ መርሳት የጀመረበት ሰው ሐኪም ቤት ይሂድ፣ አንዳንዱ መርሳት የቪታሚን ቢ12 ማነስ ወይ የታይሮይድ ችግር ሆኖ በመድኃኒት የሚስተካከል ነው። እናንተም አዘጋጆች ከቻላችሁ አንድ መርጌታና አንድ የፋርማሲ መምህር አብራችሁ ጋብዙና ጠይቁልን።

አንባቢያችሁ፣ ደብረ ማርቆስ