ልብስ ሰፊም አዝመራ አላት

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

ስለ አነስተኛ ንግድ ብድር ሲጻፍ ሁልጊዜ የማነበው ስንት ሰው እንደተበደረ ነው። እኔ ደግሞ ስለ አከፋፈሉ የምለው አለኝ።

ኮልፌ ውስጥ ትንሽ የልብስ ስፌትና የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ሁለት የስፌት ማሽን፣ አንድ ኦቨርሎክ፣ አንድ ግድግዳ ሙሉ ጨርቅ። የከፈትኩት መንግሥት ለጥቃቅንና አነስተኛ ባመቻቸው ብድር ነው። 120 ሺህ ብር ለመበደር መጀመሪያ 20 በመቶውን፣ ማለትም 24 ሺህ ብር መቆጠብ ነበረብኝ። እቁብ ወጥቶልኝ እሱን አስገባሁ። በደመወዙ ዋስ የሆነኝ የእህቴ ባል ነው፤ መምህር ነው።

ማመልከቻዬን ከነፕሮፎርማው ያስገባሁት ሰኔ 2016 ነው። ለመስከረም የዩኒፎርም ሥራ ይደርስልኛል ብዬ ነበር። (የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከ2012 ጀምሮ ዩኒፎርም በነፃ ስለሚሰጣቸው ለእኛ የቀሩን የግሎቹ ናቸው። እንደ እናት ደስ ብሎኛል፤ እንደ ሰፊ ከፍቶኛል።) ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ብድሩ የተለቀቀልኝ ኅዳር ላይ ነው። መርካቶ ያለው ነጋዴ የራሱን ፕሮፎርማ አየና ሳቀ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ የድሮ ዋጋ ነው» አለኝ። ድሮ የሚለው የአምስት ወር ወረቀት ነው። ሦስት ጣቃ ሳቲን ልገዛ ሄጄ አንድ ጣቃ ሳቲንና ትንሽ ገበር ይዤ ተመለስኩ።

እሱንስ ቻልኩት። ያቃተኝ ወርሃዊው ክፍያ ነው። 6,400 ብር፣ ለ24 ወር። ጥርም ሆነ መጋቢት ያው 6,400 ነው።

የእኛ ሥራ ግን እንደሱ አይደለም። ጥር ሠርግ ነው፤ እንቅልፍም የለን። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ጭር ይላል። ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ሠርጉ ይመለሳል፤ ክረምቱ ደግሞ ይቀዘቅዛል፤ ነሐሴ ማለቂያ ላይ ዩኒፎርሙና የእንቁጣጣሹ ልብስ ይመጣል።

አምና መጋቢት ላይ አንድ ቀን ሙሉ የገባልኝ ሥራ የጃኬት ዚፕ መቀየር ብቻ ነበር። 80 ብር። ማሽኖቹን ዘይት አጠጣሁ፣ መቀሱን አሳልኩ፣ ቁልፎቹን በየቀለማቸው ለየሁ። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ የእህቴ ባል ነው። ከአበዳሪው ተቋም ደውለውለታል። «አይዞሽ፣ ለማስታወስ ያህል ነው» አለኝ። ለእኔ ብሎ ነገሩን ሊያቀልልኝ ሲሞክር ያስታውቅበታል። የዚያን ወር የከፈልኩት እሱ ለፋሲካ በግ ካስቀመጠው ብር ላይ ነው።

ዘንድሮ ብልህ ልሁን አልኩ። ይኸው ጥር 2018 ነው፤ እጄ ላይ ገንዘብ አለ። አበዳሪው ተቋም ሄጄ «የሦስት ወሩን አሁን ልክፈልና በጾሙ አትጠይቁኝ» አልኳቸው። ልጅቷ ትሑት ናት፤ ኮምፒውተሩን አየች። «ትርፍ የከፈልሽውን ከመጨረሻው ክፍያ እንቀንስልሻለን፤ የየካቲቱን ግን በቀኑ ትከፍያለሽ፤ ሲስተሙ እንደዚያ ነው» አለችኝ። እቁባችን እንኳ የቸገረው ሰው ዕጣ እንዲቀያየር ይፈቅዳል!

እናቴ ገጠር ናት። ማዳበሪያ በብድር ስትወስድ የምትከፍለው አዝመራው ሲገባ ነው። በሰኔ ክፈዪ የሚላት የለም፤ በሰኔ ምን እንዳላት ሁሉም ያውቃል። እኔም አዝመራ አለኝ፤ በየዓመቱ ወሩ የታወቀ ነው። ዕዳ ይሰረዝልኝ አላልኩም። ወለዱም ይቅር አላልኩም። በጥር፣ በግንቦትና በመስከረም ብዙ ልክፈል፤ በጾሙና በክረምቱ ትንሽ። ድምሩ ያው ነው። ይህን ሲስተም የሚያዙት ሰዎች ጋዜጣችሁን የሚያነቡ ከሆነ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ዘንድሮ ሁዳዴ የካቲት 9 ይገባል። ክፍያዬ የካቲት 20 ነው።

ልብስ ሰፊዋ፣ ከኮልፌ