«እኛ ምን ሆንን?» ላሉኝ አባቴ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤ ዘጌ

አባባ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎን እንዴት አድርጎታል? እማማንስ ሳሉ ለቀቃት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህን በስልክ ያልነገርኩዎ ጆሮዎ ስለደከመ ብቻ አይደለም። በስልክ «ደህና ናችሁ? ልጆቹ ደህና ናቸው? በሉ ይመስገን» ብለው ይዘጋሉ፤ እኔም ላወራዎ ያዘጋጀሁት ሁሉ አፌ ላይ ይቀራል። ወረቀት ከሆነ ግን መነጽርዎን አድርገው ደጋግመው ያነቡታል፤ ያልጣመዎትን መስመር በእርሳስ ያሰምሩበታል፤ መልስ ሳይልኩም አይቀሩም።

ነገሩ የመስቀል ዕለት የተነሣው ነው። በሬዲዮ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ የአዋቂ ሰው ቁጣም ሆነ ዝምታ ሥሩ ልጅነቱ ውስጥ እንደሚገኝ ስታስረዳ፣ እርስዎ ስኒዎን እንደያዙ «እኛ በአርጩሜ ያደግነው ምን ሆንን? የዛሬ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በእናት በአባቱ ያላክካል» አሉ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ዝም አልኩ፤ በእንግዳ ፊት አባትን መከራከር ነውር ነው ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። አሁን እንግዳ የለም። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ቢሉኝም ልመልስልዎ።

በመጀመሪያ ነገር፣ ያሉትን እርስዎ ራስዎ አያምኑበትም። ጀልባ ላይ ሽማግሌ ገፍትሮ የሚቀመጥ ጎረምሳ ሲያዩ «አሳዳጊ የበደለው» ብለው ፊትዎን ያዞራሉ። ከቤታችን ልጅ ሊዳር ሲል የወዲያኛውን ወገን ጠባይ በሰው በሰው የሚያስጠይቁትስ ለምንድን ነው? የሬዲዮዋ ሴት የተናገረችውን እርስዎ ከእሷ በፊት ሲሉት ኖረዋል። የከፋዎት ነገሩ ወደ እርስዎ ሲዞር ይመስለኛል፤ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከእኔ በፊት ያውቁታል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ደጅ ይሰበሰብ እንደነበር እማማ ነግራኛለች። እኔ ዛሬ ሳስተምረው ተማሪዎቼን የምጠይቃቸው ጥያቄ አለ፤ ፊታውራሪ መሸሻን ማን አሳደጋቸው? ክፍሉ ይታመሳል። ገሚሱ «ትዕቢተኛ ናቸው፣ በቃ» ይላል። አንዲት እጇን አንሥታ የማታውቅ ልጅ ግን በወረቀቷ ላይ «በልጅነታቸው እምቢ ያላቸው ሰው አልነበረም» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ፊታውራሪን በሌላ ዓይን ነው የማነባቸው። እምቢ ተብለው የማያውቁት አባት፣ ልጃቸውን ለትዳር የጠየቀውን ሁሉ በዘር አይመጥነንም እያሉ እምቢ ሲሉ የሰብለ ወንጌል ዕድሜ ሄደ። ጉዱ ካሳ ደግሞ የእነሱው ዘመድ ነው፤ ያንኑ ወግ እያየ አድጎ ሰው ሁሉ እብድ እስኪለው ድረስ ወጉን ተቃወመ።

ከፊታውራሪ ይልቅ ግን እኔን እንቅልፍ የሚነሡኝ የበዛብህ ወላጆች ናቸው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ልጃቸው እንዳይሞትባቸው ፈርተው ተሳሉ፤ ካደገላቸው ሚስት ሳያገባ ዕድሜ ልኩን እግዚአብሔርን እንዲያገለግል። ልጁ ያልገባበትን ውል ተሸክሞ አደገ። ሰብለን ሲወድ የሚያስጨንቀው የፊታውራሪ ቁጣ ብቻ አይደለም፣ የወላጆቹ ስለትም ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ባሳተሙት በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በጭካኔ የተጎዳ ልጅ ቢያንስ የሚቆጣበት ሰው አለው። በፍቅርና በፍርሃት የታሰረ ልጅ በማን ላይ ይቆጣል?

የእኛው የአቸፈሩ አቤ ጉበኛ ደግሞ በ1955 ባወጣው «አልወለድም» ነገሩን ከማኅፀን ይጀምረዋል፤ ጽንሱ አልወለድም ብሎ ይከራከራል። ያ ጽንስ የሚሸሸው እናቱን አይደለም፣ የሚወለድበትን ድህነትና ግፍ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ለማስረዳት አልደክምም። በእነዚህ ዓመታት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሌሊት ተኩስ ሲሰሙ ያደጉ ልጆች ናቸው፤ የትኛዋም እናት የቱንም ያህል ብትጠነቀቅ ከዚህ ልትከልላቸው አልቻለችም።

የባለሙያዋን ትምህርት የፈረንጅ ነው ብለውትም ነበር። እውነት ነው፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ጆን ቦውልቢ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። የሀብታም ቤት ልጅ ነበር፤ ያሳደገችው ሞግዚት አራት ዓመት ሊሞላው ሲል ጥላው ሄደች፤ አድጎም ዕድሜውን በሙሉ የእናትና የልጅ መለያየትን ሲያጠና ኖረ። የሥራ ባልደረባው ሜሪ ኤንስወርዝ ግን ብዙውን ነገር በዓይኗ ያየችው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 ኡጋንዳ፣ ካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች ከቤት ቤት እየዞረች እናቶችን ከሕፃናቶቻቸው ጋር ስትመለከት ከረመች። እናቱ እንደምትደርስለት የተማመነ ሕፃን ከጭኗ ወርዶ እየዳኸ ይርቃል፣ ዞር ብሎ ያያታል፣ ደግሞ ይቀጥላል፤ ያልተማመነው እቅፏ ውስጥ ሆኖም ያለቅሳል። ነጭ አባይ በሚነሣበት አገር የታየውን ነገር እኛ ጥቁር አባይ በሚወጣበት ሐይቅ ዳር የምንኖር ሰዎች የፈረንጅ ወሬ ልንለው አይገባም። (ይህች የአስተማሪ ብልጠት ናት፤ ይለፉኝ።)

እንግዲህ «ምን ሆንን?» ላሉት ያየሁትን ልንገርዎ። ከየኔታ ቤት ከወጡ ይህን ያህል ዘመን ሆኖ ዛሬም ውሻ ሲጮህ እጅዎ ዱላ ይፈልጋል። እንጀራ ሲቀርብልዎ ቶሎ ቶሎ ይጎርሳሉ፤ ጠግበውም ቢሆን ቁራሽ ለብቻ ጠቅልለው ያስቀምጣሉ። ራበኝ ብለው አያውቁም፤ እማማ ከፊትዎ ነው የምታውቀው። ሲያመዎትም እንዲሁ ነው፤ የጉልበትዎን ነገር የሰማነው ከደብሩ ቄስ ነው። ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በሰው ደጅ የቆሙበት ልጅነት ከእርስዎ ጋር አርጅቷል እንጂ አልሄደም። ያኔ ብዙ ልጅ ትምህርት ፍለጋ ወላጆቹን ሳይሰናበት ሾልኮ፣ ዘመድ አግኝቶ እንዳይመልሰው ሩቅ አገር ይሄድ ነበር። እርስዎም ከአራሽ ቤት እንደዚያው ወጥተው በሬ የማይጠመድበት ዘጌ ድረስ እንደመጡ የሰማሁት ለሌላ ሰው ሲያወሩ ነው። ለእኔ ነግረውኝ አያውቁም።

መሰናበት የማይሆንልዎ ከዚያ የተነሣ ይመስለኛል። ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ባሕር ዳር ከጓደኞቼ ጋር ቤት ስከራይ፣ እሑድ እሑድ ስንቄን ተሸክመው ጀልባው ድረስ ያመጡኛል፤ ዕቃዬን ያቀብሉኝና ጀልባው ሳይነሣ ጀርባዎን ሰጥተው ቡናው ውስጥ ይገባሉ። የጓደኞቼ አባቶች እስክንርቅ ድረስ ዳር ላይ ቆመው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ምክንያቱን ስለማውቅ ቅሬታዬ ጠፋ አልልዎትም። ይገባኛል፤ ያመኛልም። እንግዲህ ይኸው ነው፤ አንዱ ሌላውን አላስወጣውም። ወንድሜን ቢጠይቁት ግን «አባባ መቼ ሳይሰናበተኝ ሄደ?» ብሎ ይስቃል። አንድ ቤት፣ አንድ አባት፣ ያው የጀልባ ማቆሚያ ነበር። ለዚህ ነው አስተዳደግ ሰውን ጨርሶ ይሠራዋል የሚሉትን ሰዎችም እንደ እርስዎ ባይሆንም በጥርጣሬ የማያቸው።

እኔ በበኩሌ በተቃራኒው ሄጃለሁ። ልጄን ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ አቅፌ አልለቅ ስለው «እማዬ፣ ልቀቂኝ፣ ጓደኞቼ ያዩኛል» ይለኛል። እሱም አንድ ቀን ስለ እኔ ለባለሙያ የሚናገረው አያጣም።

ስለ እማማም ሳላነሣ አላልፍም። ከእርስዎ በፊት መጀመሪያ የዳሯት ጊዜ ከደጅ ገበጣ ከምትጫወትበት ጠርተው ነው ያስገቧት። ከዚያ ቤት አምልጣ በእግሯ እንደተመለሰች ስትነግረኝ የምታወራው ስለ ሰውየው አይደለም፤ ስትመለስ አባቷ ቀና ብለው እንዳላዩዋት ነው። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ሲያደርገው እኔ ደስ አለኝ፤ እሷ ግን «ለእኔ ዘገየ» ብላ ቡናዋን መቁላቷን ቀጠለች። እህቶቼን ሁሉ ሳይማሩ አይዳሩም ብላ የተሟገተችው እሷ መሆኗን እርስዎም ያውቃሉ፤ የተሟገተችው ከእርስዎ ጋር ነበርና።

አሁን ወደ አርጩሜው ልመለስ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። «የኔታ ይህን አልሰሙም» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የኔታ ይቅሩ። አባባ፣ እርስዎ እኔን አንድም ቀን አልመቱኝም። ወንድሜንም አልመቱትም፤ ጀልባ ፈትቶ ለብቻው ወደ ሐይቁ የገባ ዕለት እንኳ ለንቦጭዎን ጥለው ቆመው ነበር፤ ሲመለስ «እርጥብ ልብስህን ቀይር» ከማለት በቀር ምንም አላሉትም። በአርጩሜ ያደገ ሰው አርጩሜውን የት ጣለው? ይህን የሬዲዮዋ ባለሙያ አልተናገረችም። ካነበብኳቸው መጻሕፍትም አንዱ አልነገረኝም፤ ልብ ወለድ ጉዳቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ማሳየት ይቀናዋል፤ መንገድ ላይ ያስቀረው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ታሪክ አይጻፍለትም። አንድ ሰው አስተምሮዎት ነው? ወይስ አንድ ቀን ለራስዎ ምለው ነው? ወይስ እንዲሁ እጅዎ አልነሣ ብሎዎት ነው?

ይህ ክስ አይደለም። ካፍካ የሚባል የፕራግ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1919 ለአባቱ መቶ ገጽ ያህል ደብዳቤ በእጁ ጽፎ፣ እንድታደርስለት ለእናቱ ሰጣት፤ እሷም ለአባቱ ሳትሰጥ መልሳ ለልጇ ሰጠችው ይባላል። የእሱ አብዛኛው ክስ ነበር። እማማ የእኔን እንዳትመልሰው አደራ፤ ከመቶ ገጽም በጣም ያንሳል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ለገና ልጄን ይዤ ስመጣ ከቤት የወጡበትን ሌሊት ይንገሩን። አያቴ በነጋታው ምን እንዳሉ ኋላ ሰምተው ከሆነ እሱንም ይጨምሩልን። ማውራቱ ከከበደዎት ይጻፉት፤ ደብተርና እስክሪብቶ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ያልፈለጉትን ይዝለሉት፤ አልጠይቅዎትም። እማማም የራሷን ትናገር፤ እሷ እንኳ ከጀመረች አታቆምም።

የጆሮ ሐኪሙ ቀጠሮ ለታኅሣሥ መጀመሪያ ተይዟል፤ ከዋዜማው ይምጡና እኛ ጋ ይደሩ። ቡናውን ለማስለቀም ሰው ከጎደለ ወንድሜ ቅዳሜና እሑድ እመጣለሁ ብሏል። መልስዎን ለማክሰኞው ጀልባ ይስጡልኝ፤ ማቆሚያው ላይ ወጥቼ እቀበላለሁ።

ልጅዎ