የአያታችሁን ታሪክ ስታሰባስቡ

ውድ አባላት፣

ያረፉ አያታችሁን የሕይወት ታሪክ ለማዘጋጀት ለተነሣችሁ ሁሉ ይህን ጽፈናል።

ከፎቶው በፊት ሰዎቹን አስቀድሙ። በዕድሜ የገፉ እህትና ወንድሞቻቸው፣ ጎረቤቶቻቸውና የልጅነት ጓደኞቻቸው ዛሬ ነገ ሳትሉ ይጠየቁ። ጥያቄው ጠበብ ያለ ይሁን። «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ስትሉ የምታገኙት «ደግ ነበሩ» የሚል መልስ ነው፤ እውነት ነው፣ ግን እሳቸውን ከሌላ ደግ ሰው አይለይም። «ጠዋት ሲነሡ መጀመሪያ ምን ይሠሩ ነበር?»፣ «ሲቆጡ ምን ይሉ ነበር?» በሉ። የቆየ ፎቶ እያሳያችሁ ብትጠይቁ የተረሳ ስም ሁሉ ይመጣል። አዛውንት ስለሚደክማቸው ከ1 ሰዓት አትለፉ። ድምፅ የምትቀዱበትን ስልክ ከተናጋሪው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ፣ የታጠፈ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የብርጭቆው ኳኳታ ንግግሩን ይውጠዋል። ጥሪ እንዳያቋርጠውም ኔትወርኩን ዝጉ።

ሁለት ሰዎች የተለያየ ዓመት ቢነግሯችሁ አንዱን አትጣሉ፤ ሁለቱንም ከነተናጋሪው ስም መዝግቡ።

ፎቶዎቹን በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ፣ በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት)፣ ጉርድ ፎቶዎችን ደግሞ በ1200 ስካን አድርጉ፤ ጽሑፍ ካለበት ጀርባውንም ጭምር። ሙጫ ባለው አልበም ላይ የተጣበቀውን በጉልበት አታላቅቁ፣ ይቀደዳል፤ ከነገጹ ስካን ይደረግ። ጀርባው ላይ ስም የምትጽፉት በለስላሳ እርሳስ ብቻ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፎቶው የፊት ገጽ ሊዘልቅ ይችላል። በቴሌግራም ስትላላኩ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይወርዳል። በመጨረሻም 3 ቅጂ ይኑራችሁ፣ አንዱ ሌላ ቤት ይቀመጥ።