የሰው ዓይን ያጠፋው መብራት የእኔ ነበር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ የማታ መንገድ ላይ ዓይን በሚያጠፋ ነጭ መብራት ተማረው ጽፈው ነበር። «መኪናቸውን በየግቢያቸው የሚነካኩ ሰዎች ያመጡት ጣጣ ነው፤ ይከልከሉ» ብለዋል። ምሬታቸው ገብቶኛል። መድኃኒቱ ግን አልተዋጠልኝም። እኔም ከሚነካኩት አንዱ ነኝ። ስለዚህ ጥፋቴንም ክርክሬንም አብሬ ልናገር።

የምኖረው አዲሱ ገበያ ነው። 30 ዓመት ያህል ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ኖሬያለሁ። አሁን ቴፕ የሚያስጠግን ሰው የለም፤ አልፎ አልፎ ስፒከር ይመጣልኛል። ቴስተርና ካቻቪቴ ግን ከእጄ አልወጡም። የምነዳው ቪትዝ ነው፣ ባለ ሦስት ሲሊንደሩን።

ነገሩ የተጀመረው አምና ክረምት ነው። ሱሉልታ እህቴ ጋ ውዬ ስመለስ መሸብኝ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ዝናቡ አባርቷል፣ ጉሙ ግን መንገዱ ላይ ተኝቷል። የጎጃም መንገድ ነውና የጭነት መኪናው አይጣል ነው። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ፊት ለፊቴ ነጭ መብራት ቦግ አለ። ነጭ ስላችሁ የወተት ነጭ አይደለም፤ ወደ ሰማያዊ የሚወስደው፣ ብየዳ የሚመስለው ነው። ለሁለት ሦስት ሰከንድ ምንም አላየሁም። ፍሬን ረገጥኩ። መብራቱ ሲያልፍ እንጨት የተሸከሙ እናት ከፊቴ ቆመዋል። እጄን ብዘረጋ የምነካቸው ነው የመሰለኝ። ወገባቸው እንደጎበጠ ቀና ብለው አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ አታይም እንዴ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ አላይም ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ታዲያ ሲነጋ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እኔም ልግዛ አልኩ። ሌላው ሲያሳውረኝ እኔ በደብዛዛ ቢጫ መብራት ምን ልሁን ብዬ። ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ሻጩ ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ ሌሊቱን ቀን ነው የሚያደርግልዎ» አለኝ። ካርቶኑ ላይ «200 ዋት» የሚል ተጽፏል። ገዛሁት።

መግጠሙ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ኮፈኑን ከፍቼ፣ ሶኬቱን ነቅዬ፣ የጎማ ሽፋኑን ገፍፌ፣ የሽቦ መያዣዋን አላቀቅኳት። የድሮውን ባለ ክር አምፖል፣ ሀሎጅኑን፣ አውጥቼ ከሶማሌ ተራ የገዛሁትን ኤልኢዲ ሰካሁ። ግቢው በራ። ጎረቤት ወጥቶ አየ። አንገቴን ቀና አድርጌ ሰነበትኩ።

መጀመሪያ ያሳፈረኝ ሬዲዮው ነው። መብራቱን ባበራሁ ቁጥር ኤፍኤሙ ሽሽሽ ይላል። ሳጠፋው ይጠራል። ርካሽ ኤልኢዲ ውስጥ ያለችው ማስተካከያ ሰርኪት ረብሻ እንደምትረጭ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ለሬዲዮ ጠጋኝ ይሄ ስድብ ነው። ተናድጄ ቴስተር በመሀል አስገብቼ ለካሁት። ያ «200 ዋት» የተባለው 2 አምፒር ገደማ ነው የሚስበው። በ12 ቮልት 25 ዋት እንኳ አይሞላም። ካርቶን ምን አለበት፣ ያሻውን ይሸከማል።

ከዚያ ደግሞ ሚኒባስ የሚነዳ የሰፈራችን ልጅ አንድ ጠዋት አስቆመኝ። «ጋሼ፣ ትናንት ማታ ቁልቁለቱ ላይ ያሳወሩኝ እርስዎ ነዎት አይደል?» አለኝ። ካድኩ። ማታውን ግን ልጄን «አንተ ንዳት፣ እኔ ከታች ቆሜ ልያት» አልኩት። አጭሩን መብራት አብርቶ ከላይ መጣ። ረጅሙን አላልኩም፣ አጭሩን። የመኪናዬን መልክ አላየሁም። ልጄን አላየሁም። የቆምኩበትን የመንገድ ጠርዝ አላየሁም። የሱሉልታዋ እናት ትዝ አሉኝ፤ ዘወር ብዬ የአጥር ቆርቆሮ ያዝኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ፣ አሰልቺ ከሆነ ይቅርታ። በብዙዎቹ ትንንሽ መኪኖቻችን ላይ ያለው አምፖል ኤች 4 የሚባለው ነው። በአንድ አምፖል ውስጥ ሁለት ክር አለ፤ አንዱ ለረጅም 60 ዋት፣ አንዱ ለአጭር 55 ዋት። ከአጭሩ ክር ሥር የማንኪያ ጫፍ የምታህል ብረት አለች። ብርሃኑ ወደ ታች ሄዶ ከአምፖሉ ጀርባ ካለው መስታወት ተንጸባርቆ ሽቅብ እንዳይወረወር የምትከልለው እሷ ናት። መስታወቱ የተቀረጸው ክሩ በሚሊሜትር ልክ እዚያ ቦታ ላይ አለ ተብሎ ነው። ርካሹ ኤልኢዲ ግን ክር የለውም። ግራና ቀኙ ላይ ቺፕ የተለጠፈበት ምላስ ነው። ከታች ያለችው ብረትም የይስሙላ ናት። ብርሃኑ ከታሰበለት ቦታ ስለማይነሳ መስታወቱ በዘፈቀደ ይረጨዋል፤ ዛፉም ላይ፣ ሰማዩም ላይ፣ የሰው ዓይንም ላይ። ነጂው ግን ከአፍንጫው ሥር ያለው አስፋልት ስለነጣለት «አየሁ» ይላል። ራቅ ያለው ጨለማ እንዳለ ነው። ጉም ካለማ ያ ሁሉ ብርሃን እንደ አንሶላ ፊትህ ላይ ይዘረጋል።

ኤልኢዲ በራሱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ከፋብሪካው ለኤልኢዲ ተብሎ የተሠራ መብራት ያለው መኪና ሌላ ነው። የእኔ ጥፋት ለሀሎጅን በተሠራ መብራት ቤት ውስጥ መወተፌ ነው።

አወጣሁት። ሀሎጅኑን መለስኩ። አሁን መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኩ፤ መብራቴ ለምን ደበዘዘ? ሞተሩን አስነስቼ ባትሪው ላይ ለካሁ፣ 14.1 ቮልት። መብራቱ እየበራ አምፖሉ ሶኬት ላይ ለካሁ፣ 12.2። ወደ 2 ቮልት የሚጠጋ መንገድ ላይ ቀልጧል። ሀሎጅን ደግሞ ቮልት ሲቀንስበት አይምርም። ቮልቱ 10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። የኔጌቲቭ ሽቦዋ ከቦዲው ጋር የታሰረችበትን ብሎን ፈታሁ። ሥሩ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ ብረቱ እስኪያበራ። ከዚያ ከባትሪው በፊውዝ አድርጌ ወፈር ያለ ሽቦ አወጣሁና በሪሌ በኩል፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ፣ ለመብራቶቹ ሰጠኋቸው። የጥንቷ ቀጭን ሽቦ አሁን ሪሌውን ብቻ ነው የምትቀሰቅሰው። ደግሜ ስለካ 13.6 ሆነ። አምፖሎቹ ያው የድሮዎቹ ናቸው፤ ሌላ መኪና ነው የሚመስለው።

ቀጥሎ ፕላስቲኩ ነው። የአዲስ አበባ ፀሐይ ለመኪና መብራት ጠላት ነው፣ የሻይ ብርጭቆ ያስመስለዋል። ብዙ ሰው በጥርስ ሳሙና ያሸዋል። ለሳምንት ያምራል፣ ይመለሳል። እኔ በውሃ እያራስኩ 1000 ቁጥር፣ ከዚያ 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፤ በፖሊሽ ጨረስኩት፤ ላዩን ፀሐይ የሚከላከል ቫርኒሽ አስቀባሁት። ያቺ መጨረሻዋ ካልተደረገች ሥራው ከንቱ ነው፣ በጥቂት ወራት ይቢጫል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከሱቄ ጀርባ የመጋዘን ግድግዳ አለ። ወለሉ ደልዳላ ነው። መኪናዬን ከግድግዳው 10 ሜትር ላይ አቆምኩ። የመብራቱን እምብርት ከመሬት ለካሁና ግድግዳው ላይ በጠመኔ እኩል መስመር አሰመርኩ። የአጭር መብራት የላይኛው ጠርዝ በዚህ ርቀት ከመስመሩ 10 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ማረፍ አለበት። የእኔ ከመስመሩ በላይ ነበር፤ ከኋላ ያሉትን ሁለት ብሎኖች በካቻቪቴ አዙሬ አወረድኩት። ግን አንድ ነገር እንቢ አለኝ። ጠርዙ በቀኝ በኩል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ በግራ በኩል ሽቅብ ይወጣል። ባዞረው፣ ብገለብጠው፣ ግራው ወደ ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት አፈጠጥኩበት።

ከዚያ ገባኝ። ቪትዝ የጃፓን መኪና ናት። ጃፓን የሚነዳው በግራ ነው። ብርሃኑ በግራ በኩል ሽቅብ የሚወጣው እዚያ አገር የእግረኛው ጠርዝ ግራ ስለሆነ ነው፤ ለነጂው ሰው እንዲያሳየው። የእኔን መሪዋን ዱባይ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ አዙረውላታል። መብራቷን ግን ማንም አልነካውም። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ፣ ሽቅብ የሚወጣው ብርሃን በቀጥታ ከፊት ለፊት የሚመጣው ሹፌር ዓይን ውስጥ ይገባል። በቀኝ ጠርዝ እንጨት ተሸክሞ የሚሄደው ሰው ደግሞ ጨለማ ይደርሰዋል። ከነሀሎጅኑ፣ ምንም ሳልነካካ፣ ሰው ሳሳውር ኖሬያለሁ ማለት ነው! እንደ እኔዋ መሪዋ የተዛወረች መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ስንት አለች? ቁጥር አልጠራም፤ እናንተም ሰፈራችሁን ዞር ብላችሁ እዩ።

በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራ ጥንድ መብራት ፈልጌ አገኘሁ፤ ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። ግድግዳው ላይ ሳበራው ቀኙ ሽቅብ ወጣ። ልጄን እንደገና ከላይ ላክሁት። መኪናዋንም፣ እሱንም፣ የሚያላግጥበትን ፈገግታውንም አየሁ።

አንባቢው «ይከልከሉ» ላሉት መልሴ እዚህ ጋ ነው። ይህን ያገኘው ጋራዥ አይደለም። የምርመራ ጣቢያም አይደለም። ቦሎ ለማደስ ከአንድም ሁለት ሦስት ዓመት ምርመራ ገብቻለሁ። «መብራት አብራ» ይሉኛል። ይበራል። «አለፈ»። ወዴት እንደሚበራ የጠየቀኝ የለም። ያንን ኤልኢዲ ገጥሜ ብሄድ እንዲያውም ጎበዝ የምባል ይመስለኛል።

ሞተሩም ላይ ያየሁት ያንኑ ነው። ባለፈው ጥቅምት ቪትዟ የትራፊክ መብራት ላይ ስቆም መንቀጥቀጥ ጀመረች። የሞተር ምልክቷ ብልጭ ድርግም ይላል። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሰምቶ ሳይጨርስ «የነዳጅ ፓምፕ ይቀየራል፣ ኖዝል ይታጠባል፣ ካልሆነ ሞተር ይወርዳል» አለኝ። ምንም አልለካም። አመስግኜ ወጣሁ። የሞተሩን የጥፋት ኮድ የሚያነብ፣ ከስልክ ጋር የሚሠራ ትንሽ ስካነር ተውሼ ሰካሁ። ፒ0302 አለ፤ ሁለተኛው ሲሊንደር አይቀጣጠልም ማለት ነው። የሁለተኛውን ኮይል፣ ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚሰጠውን፣ ነቅዬ ሦስተኛው ላይ አደረግኩ፣ የሦስተኛውን ሁለተኛው ላይ። ኮዱን አጠፋሁና ነዳኋት። አሁን ፒ0303 አለኝ። ጥፋቱ ከኮይሉ ጋር ተከትሎ ሄደ! አንድ ኮይል ገዛሁ፣ አለቀ። ያወጣሁት ከተጠየቅኩት ጋር አይወራም። ሞተሩ አሁንም ሳይወርድ ይኸው ይሠራል።

ሁሉን እችላለሁ ማለቴ አይደለም። ፍሬን ውስጥ እጄን አላስገባም። ኤርባግ አጠገብ አልደርስም። የጋለ ራዲያተርም አልከፍትም። በነገራችን ላይ እኛ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ጤነኛ ሞተርም ያፈላል። «ሞተሬ ጋለ» ብሎ የመጣ ጎረቤቴን ክዳን አስቀይሬ ልኬዋለሁ።

ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ማስገባት ቆሟል። ስለዚህ ያሉን ቪትዞችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ናቸው። የሚነካካቸውም ሰው አይጠፋም፤ መከልከሉ ተደብቆ እንዲነካካ ከማድረግ ሌላ አይፈይድም። የሚመለከተው ክፍል ግን ሁለት ነገር ቢያደርግ ደስ ይለኛል። አንድ፣ ዓመታዊ ምርመራው ላይ መብራቱ መሥራቱ ብቻ ሳይሆን ወዴት እንደሚበራ ይታይ። ጠርዙ በየትኛው በኩል ሽቅብ እንደሚወጣ ማየት ግድግዳና ጠመኔ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሁለት፣ ለሀሎጅን መብራት ቤት ኤልኢዲ የሚሸጡትን ይጠይቅ። እኔን ብቻ አይደለም፣ ሻጩንም።

ነጂዎች ደግሞ ከመሪው አጠገብ ከ0 ጀምሮ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ መዘውር ካለቻችሁ ተጠቀሙባት። ከኋላ ሰውና ጤፍ ስትጭኑ የመኪናው አፍንጫ ቀና ይላል፣ መብራቱም አብሮ። መዘውሯ የተሠራችው ለዚያ ነው። እኔ ራሴ ዓመታት የሬዲዮ ድምፅ መስላኝ ነበር።

ግድግዳው ከሱቄ ጀርባ እዚያው አለ፤ ጠመኔውም አልጠፋም። አንባቢው አዲሱ ገበያ ብቅ ካሉ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ መኪናቸውን ይዘው ይምጡ፤ አብረን እናያለን፣ ሻይ በእኔ ነው። ኤልኢዲዎቹን ግን አልጣልኳቸውም። አንዷን ከአሮጌ ባትሪ ጋር አያይዤ፣ መብራት ሲጠፋ ሱቄን አበራባታለሁ። ለዚያ አንደኛ ናት፣ ሬዲዮ ካልከፈትኩ።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ፣ ከአዲሱ ገበያ