«ካል» እና «ስለ»፦ ስለ ጸጋ ስናስተምር የምናደባልቃቸው ሁለት ቃላት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

«በጸጋ ድነናል፤ ከእንግዲህ ሕግ አይመለከተንም» የሚለው አነጋገር በስብከትም በጽሑፍም እየበዛ መጥቷል። የመጀመሪያው ሐረግ የሐዋርያት ትምህርት ነው። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው የሚከተል እየመሰለ ሕዝብ ያሳስታል። በሌላ ወገን ደግሞ ጸጋን በአፋቸው እየመሰከሩ ድኅነትን በደንብ ዝርዝር የሚያስሩ አሉ። የሁለቱም ስሕተት ከአንድ ቦታ ስለሚነሣ፣ በተለይ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የሚመሩ ወንድሞችና እኅቶች ቢያዩት ብዬ ይህን ጻፍሁ።

ነገሩን የሚለዩት በአማርኛችን ሁለት ትንንሽ ቃላት ናቸው፤ «ካል» እና «ስለ»። «ካላደረግህ አትድንም» እና «ስለዳንህ አድርግ»። የሚደረገው ነገር አንድ ሊሆን ይችላል፤ ጾም፣ ምጽዋት፣ የአለባበስ ሥርዓት፣ ግርዛትም ቢሆን። ልዩነቱ ያ ሥራ ምን እንዲያስገኝ ተጠየቀ በሚለው ላይ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ክርክር የተነሣውም ከአንድ «ካል» ነው። ከይሁዳ ወደ አንጾኪያ የወረዱ ሰዎች «እንደ ሙሴ ሥርዓት ካልተገረዛችሁ ትድኑ ዘንድ አትችሉም» ብለው አስተማሩ (ሐዋ. 15፥1)። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ49 ዓ.ም. ገደማ ሐዋርያትና ሽማግሎች በኢየሩሳሌም ተሰበሰቡ። ጴጥሮስ ተነሥቶ ሕጉን አባቶቻችንም እኛም ልንሸከመው ያልቻልነው ቀንበር ብሎ ጠራው፤ እኛም እንደ እነርሱ በጌታ በኢየሱስ ጸጋ እንድናለን ብሎ ደመደመ። ልብ በሉ፦ «እነርሱም እንደ እኛ» አላለም፣ «እኛም እንደ እነርሱ» ነው ያለው። የተገረዘው አይሁዳዊ ካልተገረዘው አሕዛባዊ ጋር በአንድ በር እንደሚገባ መመስከሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ጉባኤው ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ከታነቀና ከዝሙት እንዲርቁ ለአሕዛብ ደብዳቤ ጻፈ። አራት ትእዛዝ አለበት፤ ሆኖም መጨረሻው ራሳችሁን ብትጠብቁ መልካም ይሆንላችኋል ይላል እንጂ ካልጠበቃችሁ አትድኑም አይልም። ጉባኤው «ካል»ን ሲሽር ሥርዓትን አልሻረም።

ይህን ያላስተዋለ ሰው ጳውሎስን ማንበብ ይቸግረዋል። ቲቶ የግሪክ ሰው ነበር፤ እንዲገረዝ ሲጠየቅ ጳውሎስ ለአንድ ሰዓት እንኳ አልለቀቀም (ገላ. 2፥3-5)። የልስጥራኑን ጢሞቴዎስን ግን፣ እናቱ አይሁዳዊት አባቱ የግሪክ ሰው የሆነውን፣ በአካባቢው ስላሉት አይሁድ ሲል ራሱ ገረዘው (ሐዋ. 16፥3)። ያው ሐዋርያ፣ ያው ምላጭ። ቲቶ ቢገረዝ «ካልተገረዘ አይድንም» ላሉት ማረጋገጫ ይሆን ነበር፤ ጢሞቴዎስ የተገረዘው ግን ምኵራብ ገብቶ ወንጌል እንዲሰብክ ነው። በጥናት ክፍል እነዚህን ሁለት ክፍሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ከረጅም ትንታኔ ይልቅ ያስተምራል።

«ካል» ደግሞ ሁልጊዜ በአንደበት አይነገርም። ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ አማኞች ጋር ይበላ ነበር፤ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ግን ፈርቶ ራሱን ለየ (ገላ. 2፥11-14)። አንድም የሐሰት ትምህርት ከአፉ አልወጣም። ግን ከአንድ ገበታ ላይ አብሮ ሲቆርስ የነበረ ሰው ድንገት እጁን ሲሰበስብ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ማንም አያስረዳንም። የቀሩት ሰዎች «እኛን ካልመሰላችሁ» የሚለውን ሰሙ። ጳውሎስም በሁሉ ፊት የገሠጸው ለዚህ ነው።

የገላትያ መልእክት 6 ምዕራፍ፣ 149 ቁጥር ነው። ድምፅ ከፍ አድርጎ አንዱ ቢያነብ ሌሎቹም ቢሰሙ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ጥናት የምትመሩ ሰዎች፣ ቁጥር እየመዘዛችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ሙሉውን አንድ ጊዜ አስነብቡ። በሁለተኛው ዙር «ሕግ» በሚለው ቃል ሥር አስምሩና በየቦታው ምን ማለት እንደሆነ ጠይቁ። በ4፥21 ላይ ቃሉ በአንድ ቁጥር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይመጣል፦ ከሕግ በታች ልትኖሩ የምትወዱ፣ ሕጉን አትሰሙምን? የፊተኛው የሙሴ ትእዛዝ ነው፤ የኋለኛው የኦሪት መጽሐፍ ነው፤ ወዲያው የአጋርንና የሣራን ታሪክ ያነሣልና። በ6፥2 ደግሞ «የክርስቶስ ሕግ» ይመጣል። ሦስቱን አንድ አድርጎ ያነበበ ሰው ወይ ብሉይ ኪዳንን ይጥላል፣ ወይ ጳውሎስን እርስ በርሱ ያጋጨዋል።

ከዚያ ወደ አብርሃም ሂዱ፣ ዕድሜውንም ቁጠሩ። ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር። በዘፍጥረት 15፥6 አመነ፣ ጽድቅም ሆኖ ተቈጠረለት። እስማኤል ሲወለድ 86 ዓመት ሞላው፤ ይህ በምዕራፍ 16 ነው። በምዕራፍ 17 ሲገረዝ 99 ዓመቱ ነው። እንግዲህ ጸደቀ ከተባለ ቢያንስ 13 ዓመት ሳይገረዝ ኖሯል ማለት ነው። በሮሜ 4፥10 ጳውሎስ ተገርዞ ሳለ ነውን ወይስ ሳይገረዝ ብሎ የሚጠይቀው ይህንኑ ስሌት ይዞ ነው። ለሙሴ ሕግ ደግሞ ገላትያ 3፥17 ተስፋው ከተሰጠ ከ430 ዓመት በኋላ የመጣ ነው ይላል። በኋላ የመጣ ነገር ቀድሞ የተሰጠውን ስጦታ ወደ ደመወዝ ሊለውጠው አይችልም።

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ አብርሃም በሥራ ጸደቀ ሲል (ያዕ. 2፥21) የሚጠቅሰው ይስሐቅን በመሠዊያ ያቀረበበትን የዘፍጥረት ምዕራፍ 22ን ነው፤ ይህም ዘፍጥረት 15፥6ን ፈጸመ ይላል። ጳውሎስ ሥሩን አሳየ፣ ያዕቆብ ፍሬውን። 15፣ 17፣ 22 ብላችሁ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በተራ ብትጽፉት ሁለቱን ሐዋርያት ማስታረቅ አያስፈልጋችሁም፤ አልተጣሉምና።

አንድ የቃል ችግርም አለ። ገላትያ 3፥24 ሕግ «ሞግዚታችን» ሆኖአል ይላል። የዛሬ ወጣት ሞግዚት ሲባል ሕፃን የምትጠብቅ ሠራተኛ ትታየዋለች። በዚያ ዘመን ግን ቃሉ የሚያመለክተው ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርሰውን፣ የሚመልሰውንና ሥነ ሥርዓት የሚያስይዘውን ባሪያ ነበር። አስተማሪው እርሱ አልነበረም፤ ልጁን ወደ አስተማሪው ነው የሚያደርሰው። ልጁ ሲጎለምስ ሥራው ያበቃል፤ ነገር ግን የጎለመሰው ልጅ ከሞግዚቱ የለመደውን ጨዋነት ጥሎ አውሬ ይሁን ማለት አይደለም።

ይህ ትምህርት ለአገራችን ትናንት የገባ እንግዳ አይደለም። ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ኢትዮጵያውያንን «የአይሁድን ሥርዓት ትጠብቃላችሁ» ብለው በከሰሱ ጊዜ ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 በግእዝ የእምነት መግለጫ ጽፈዋል። ግርዛታችን የሙሴን ሕግ ለመፈጸም ሳይሆን እንደ አገር ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊት እንደሚበጣው፣ በህንድም ጆሮ እንደሚበሳው ማለት ነው ይላሉ፤ ግርዛት እንደማይጠቅምም ጳውሎስን ጠቅሰው ይመሰክራሉ። ስለ ቀዳሚት ሰንበትም፣ እንደ አይሁድ ውኃ ባለመቅዳትና እሳት ባለማንደድ ሳይሆን ቍርባን በማቅረብ እናከብራታለን ብለዋል። በምላጩና በዕለቱ አልተከራከሩም፤ ሥራው የድኅነት ዋጋ ተደርጎ እንዳይቈጠር ነው የጠበቁት። ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ይህን ጽሑፍ አብረው ቢያነቡት እንዴት ደስ ባለኝ።

አሁን ወደ ዘመናችን። «ካልዘራህ አይከፈትልህም» እየተባለ ከጸሎት በፊት ገንዘብ ሲጠየቅ፣ ሙሴ ያላዘዘው አዲስ ሕግ ነው። የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ለፈለገው ለሲሞን ጴጥሮስ የሰጠው መልስ በሐዋርያት ሥራ 8፥20 ተጽፏል፤ ለስላሳ አይደለም። የጠጉር አሠራርና የቀሚስ ርዝመት የመዳን ምልክት ሲደረግም ያው «ካል» ነው። ጉባኤ ለምእመናኑ የአለባበስ ሥርዓት ማውጣቱን አልቃወምም፤ ያን ሥርዓት በመንግሥተ ሰማያት በር ላይ መለጠፉን ግን እቃወማለሁ። ገላትያ 5፥3 የሚገረዝ ሁሉ ሕግን ሁሉ ሊፈጽም ግድ አለበት ይላል። አንዱን ደንብ ዋጋ ካደረግህ ሁሉንም ልትከፍል ነው፤ ቅናሽ የለውም።

«ታዲያ ‹ካላመንህ›ስ?» ብሎ የሚጠይቅ አስተዋይ ተማሪ አይጠፋም፤ ጥያቄውን አትለፉት። ሮሜ 4፥4 ለሚሠራ ሰው ደመወዝ እንደ ዕዳ ነው እንጂ እንደ ጸጋ አይቈጠርለትም ይላል፤ 4፥16 ደግሞ እንደ ጸጋ ይሆን ዘንድ በእምነት ነው ይላል። እንጀራ ለመቀበል የተዘረጋ እጅ የእንጀራው ዋጋ አይደለም። እጁን ያልዘረጋ እንጀራውን አይበላም፤ የዘረጋ ግን «ከፈልሁበት» አይልም።

«ሕግ አይመለከተንም» ለሚሉት ደግሞ ጳውሎስ ራሱ በሮሜ 6፥1 ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑርን ብሎ ጠይቆ «አይደለም» ብሎ መልሷል። በቲቶ 2፥11-12ም ጸጋው ኃጢአተኝነትን እንድንክድ ያስተምረናል ይላል። ጸጋ አስተማሪ ነው፤ የፈቃድ ወረቀት አይደለም።

ለጋዜጣችሁ አንድ ልመና አለኝ። ኤፌሶን 2፥8-9 በጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ ይጠቀሳል፤ «ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም» በሚለው ያበቃል። ቀጣዩ ቁጥር 10 ግን መልካሙን ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ኢየሱስ እንደተፈጠርን ይናገራል። «ከሥራ አይደለም» እና «ለሥራ» በአንድ እስትንፋስ የተጻፉ ናቸው። እባካችሁ ከእንግዲህ 8ን እና 9ን ስታትሙ 10ንም አትቁረጡብን፤ በጠባቡ ዐምዳችሁ እንኳ ጥቂት መስመር ነው የሚጨምረው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ አስተማሪ
አዲስ አበባ