ራጁ ፖሊስ አልነበረም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

«አርአርአር» ስለተባለው የሕንድ ፊልም የጻፋችሁትን አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር፦ ፊልሙ የቦሊውድ፣ ማለትም የሂንዲ ቋንቋ ፊልም አይደለም። በደቡብ ሕንድ የሚነገረው የቴሉጉ ቋንቋ ፊልም ነው፣ ዳይሬክተሩ ራጃሙሊ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ። እኔም ወድጄዋለሁ። ጭፈራው ብቻውን የትኬቱን ዋጋ ያወጣል (ኪየቭ ላይ ነው የተቀረጸው፣ ጦርነቱ ሳይጀመር)፤ የጭፈራው ዘፈን ኦስካር ማግኘቱ አይገርምም።

የከነከነኝ ሌላ ነው። ብዙ ሰው ፊልሙን አይቶ ታሪኩን ያወቀ ይመስለዋል። የፊልሙ ሁለት ጀግኖች፣ አሉሪ ሲታራማ ራጁና ኮማራም ቢም፣ ሕንድ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች በእውን የነበሩ አማፂዎች ናቸው፣ ጓደኝነታቸው ግን ፈጠራ ነው። ፊልሙ ራጁን የእንግሊዝ ፖሊስ አድርጎታል። እውነተኛው ራጁ ግን እ.ኤ.አ. በ1922 የእንግሊዞቹ የጫካ ሕግ እንደ አባቶቻቸው እንዳያርሱ የከለከላቸውን የተራራ ሰዎች አስከትሎ ፖሊስ ጣቢያ የሚዘርፍ ሰው ነበር። ጠመንጃውን ከወሰደ በኋላ ምን ምን እንደወሰደ ጣቢያው መዝገብ ላይ ጽፎ ይፈርም ነበር እኮ! እንዲህ ያለ ትዕይንት እያለ በግብዣ መሃል ነብር መልቀቅ ምን አስፈለገ?

ቢም ደግሞ ዋና ጠቡ ከሃይደራባዱ ገዢ ከኒዛሙ ጋር ነበር። «ውሃ፣ ጫካ፣ መሬት» የሚለው መፈክር ከሱ ጋር ይነሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1940 የገደሉትም የኒዛሙ ሰዎች ናቸው። ፊልሙ ግን ጥፋቱን ሁሉ ለእንግሊዞች አሸክሞ የአገሬውን ገዢ በነፃ አሰናብቶታል። ይሄ ነው የማይዋጥልኝ። ለነገሩ የራሳቸው ሰው ሲበድል ማሳየት ትኬት አያሸጥም።

እባካችሁ ስለዚህ ዓይነት ፊልም ስትጽፉ ስለ እውነተኞቹ ሰዎችም ሁለት መስመር ጨምሩልን።

አንባቢያችሁ