ሩብ ፈረስ፦ የመኪና ክበባችን ዓመት

መስከረም ላይ ድሬዳዋ ባለው ትምህርት ቤታችን ለመኪና ክበብ 31 ልጅ ተመዘገበ። አብዛኛው መንዳት የሚማር መስሎት ነበር። መሪ እንደማይያዝ ሲታወቅ 14 ቀረን። ቅር አላለኝም። አንድ ኮፈን ስር ከዚያ በላይ ጭንቅላት አይገባም።

ያለን ዕቃ አንድ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ሁለት ካቻቢቴና ግማሹ የጠፋ የቁልፍ ስብስብ ነበር። መኪና አልነበረንም። ኅዳር ላይ አንድ ጡረታ የወጡ የሰፈር ሾፌር ፔዦ 404ታቸውን ይዘው ግቢ ገቡና ኒሙ ጥላ ስር አቆሙት። 404 የድሮዋ የፈረንሳይ መኪና ናት፤ ለድሬና ለሐረር ሰው አላስረዳም።

“ቀን ቀን ደህና ነው” አሉን። “ማታ መብራት ሳበራ ይንቀጠቀጣል። ከቆምኩማ ይጠፋብኛል።” ከኛ የፈለጉት ሚኒሞውን (መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ከፍ እንድናደርግላቸው ብቻ ነበር።

አላደረግነውም። ሚኒሞ ከፍ ሲል መንቀጥቀጡ ይደበቃል፣ ነዳጅ ይበላል፣ በሽታው ግን እዚያው ነው። ልጆቹ ግን ወዲያው ለሁለት ተከፈሉ። “ዋሪያ፣ ባትሪው ሞቷል!” የሚል ወገን አለ። “ዲናሞው (ኤሌክትሪክ አመንጪው) ነው” የሚል ሌላ ወገን። ሰውየው ሳቁ። ባትሪውም ዲናሞውም በዚያው ዓመት ተቀይረዋል። ገንዘቡ ወጣ፣ መኪናው እንደነበረ ቀረ።

እዚህ ላይ ነው አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ፊዚክስ ደብተሯን ያወጣችው። ሁለቱ የፊት አምፖሎች 55 ዋት፣ 55 ዋት ናቸው። ድምሩ 110። ዲናሞው ከሞተሩ የሚወስደውን ጉልበት ግማሽ ያህሉን በሙቀትና በሰበቃ ያባክናል ብንል፣ ሞተሩ 220 ዋት ገደማ ይከፍላል። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። ሩብ ፈረስ በሉት፣ ትንሽ ቢበልጥ ነው። “ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ሞተር በሩብ ፈረስ ይወድቃል?” አለች። ጥያቄው ትክክል ነው። ጤነኛ ሞተር ስራ ፈቶ ሲዞርም ቢሆን ይህን ይሸከማል። መብራቱ በሽታውን አላመጣም፣ አፋፍ ላይ የቆመውን ሞተር ነው የገፋው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመኪናው ስም “ሩብ ፈረስ” ሆነ።

መለካት ጀመርን። በተዋስነው ታኮሜትር (የሞተር ዙር መቁጠሪያ) ሚኒሞው በደቂቃ 750 ዙር ነበር። መብራት ሲበራ ከ500 በታች ወረደ። ቀጥሎ ኮይሉ (የባትሪውን ቮልት ለብልጭታ የሚያሳድገው ዕቃ) ላይ ስንት ቮልት እንደሚደርስ አየን። መብራት ጠፍቶ 13.4፣ በርቶ 11.1። ኮይል ቮልት ካጠረው ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ የሚተኩሰው ብልጭታ ይደክማል፣ ሞተሩም ይስታል። ታዲያ ቮልቱ የት ሄደ?

የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አሳረፍንና መብራቱን አበራን። ማሳው (ኤሌክትሪኩ በብረቱ በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ) ጤነኛ ከሆነ ዜሮ አካባቢ ነው የሚያሳየው፣ ቢበዛ 0.2። የኛ 0.9 አለ። ሁለት ልጆች መኪናው ስር ገቡ። ሞተሩን ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አካል) የሚያገናኘው የማሳ ገመድ ብሎኑ ጋ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። ከስሩ ደግሞ ቀለም አለ። አንድ ጊዜ ሻንሲው ሲቀባ ቀቢው ብሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ ጨምሮ ቀብቶታል። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈተግነው፣ መልሰን አጥብቀን አሰርነው። 0.1። አዲስ ባትሪና አዲስ ዲናሞ ያላመጡትን አንድ ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት አመጣው።

መብራቱ ደመቀ። ሞተሩ ግን አሁንም ትንሽ ያነክሳል። እውነቱን ለመናገር እኔ እዚህ ላይ “በቃ፣ አሮጌ ነው” ልል ነበር። ልጆቹ ናቸው ያልለቀቁት። አንዱ ከእህቱ ፀጉር ቤት የውሃ መርጫ ይዞ መጣ። ሞተሩ እየሰራ ነዳጅና አየር በሚቀላቅለው ካርቡራቶር እግር ዙሪያ ውሃ እየረጨ ዞረ፤ ስፒንትሮጀኑን (ብልጭታ አከፋፋዩን) እና የካንዴላ ገመዶቹን እንዳይነካ አስጠንቅቄዋለሁ። በስተቀኝ በኩል ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ ለሁለት ሴኮንድ ያህል ተቀየረ። ሁላችንም ዝም አልን። እንደገና ረጨ፣ እንደገና ተቀየረ። ውሃው ቀዳዳውን ለቅጽበት ደፈነው ማለት ነው። ጓርኒሲዮኑ (እግሩ ስር ያለው ማሸጊያ) ተበልቶ አየር እየሳበ ነበር። ያቺው ባለ ደብተሯ ልጅ አሮጌውን ወረቀት ላይ አስቀምጣ በእርሳስ ዙሪያውን አሰመረች፣ በመቀስ ቆረጠችና አዲሱን ሰራችው።

የቀረው የነዳጅና የአየር ድብልቁን የሚያስተካክለው ብሎን ነበር። ሰውየው ካርቡራቶሩን ያስተካከሉት ሐረር ነው። ሐረር 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ። እዚያ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ መካኒኩ ነዳጁን ይቀንሳል። የደንገጎን ዳገት ወርዶ እዚህ ሲደርስ አየሩ ይወፍራል፣ ነዳጁ ያንሳል። ግማሽ ዙር ከፈትንለት። አሁን መብራት ጠፍቶ 750፣ በርቶ 720።

ሌላው ዓመት በአጭሩ ይህን ይመስላል። ለገሃር የድሮውን የባቡር ወርክሾፕ ጎብኝተናል፤ ልጆቹ ከማሽኖቹ አጠገብ አልነቃነቅ ብለውኝ ምሳ አመለጠን። ለወላጆች ቀን ካንዴላ በባትሪና በኮይል አስተኩሰን አሳይተናል። የቴስተራችን ፊውዝ ተቃጥሏል፤ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ አምፔር ላይ አድርጎ ባትሪውን ቀጥታ ለካው። ስሙን አልጠቅስም፣ እሱ ራሱ ያውቃል። ትርፍ ፊውዝ ቤቱ ያለው ወላጅ ቢልክልን ደስ ይለናል።

ሰውየው አሁንም ረቡዕ ረቡዕ ብቅ ይላሉ። በር ላይ ይቆሙና በጠራራ ፀሐይ የፊት መብራታቸውን አብርተው ሞተሩን ያሰሙናል። ልጆቹም እንደ ድሬ ልጅ “አንተ” ብለው ይቀልዱባቸዋል። ዘበኛችን ብቻ እስካሁን አልገባቸውም። በመጡ ቁጥር እየሮጡ ይወጣሉ፦ “ኧረ ሰውዬ፣ መብራትህን ሳታጠፋ ረሳህ!”